የግሸን ብርድና የአዳኝ ጥይት

ለመስከረም 21 ቀን በዓል ወደ ግሸን ማርያም ስወጣ፤ ልጄና አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አብረውኝ ነበሩ። ግሸን በአምባሰል የሚገኝ፤ ዙሪያው ገደል፤ መልኩ መስቀልን የሚመስል አምባ ነው። ቀድሞ የነገሥታት ልጆች በግዞት ይጠበቁበት ነበር፤ ግማደ መስቀሉም በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በዚሁ እንደ ተቀመጠ ይታመናል።

ሌሊቱን ብርዱ አጥንት ድረስ ዘለቀን፤ ቀትር ሲኾን ግን ድንጋዩ እጅ የሚያቃጥል ኾነ። ልጄ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ማዶውን ተራራ እያየ፤ «ከዚህ ተኩሶ ያን ማዶ የሚመታ ጠመንጃ አለን?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌውም፤ «ጥይቱስ ይደርስ ይኾናል፤ የደረሰ ኹሉ ግን አይመታም» ብለው የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን።

በጕብዝናቸው ጊዜ ምንሽራቸውን በቀትር ዒላማ ተክለው አስተካከሉ። በማግሥቱ ማለዳ፤ ውርጭ ሳይለቅ፤ ከሩቅ የቆመ ድኩላ አይተው ተኮሱ። ደረቱን አልመው እግሩን መቱት፤ ደሙን ተከትለው እስኪመሽ ቢፈልጉም አላገኙትም። «እጄ ከዳኝ እያልሁ እስከ ዛሬ አዝናለሁ» አሉ።

ብርዱ ብቻውን አድርጎታል ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ድርሻ አለው። ምክንያቱም ኹለት ነው። አንደኛው ባሩዱ ነው፤ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል፤ ሲበርድ ይለዝባል። በብዙ ዐይነት ባሩድ ዘንድ የጥይቱ ፍጥነት ለያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያኽል ይለዋወጣል። ኹለተኛው አየሩ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የጠበቀ ስለ ኾነ ጥይቱን ይገታዋል። ከ5 ዲግሪ ወደ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ጥብቀቱ ከመቶ 7 እጅ ያኽል ይቀንሳል። ስለዚህ በቀትር የተስተካከለ ጠመንጃ በማለዳ ወደ ታች ይመታል። ልዩነቱ በ100 ሜትር አይታወቅም፤ በ600 ሜትር ግን እስከ ስንዝር ሊደርስ ይችላል።

ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። በደጋ አየሩ የሳሳ ስለ ኾነ ጥይቱን ከቆላው ይልቅ ወደ ላይ ያደርሰዋል። እንግዲህ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ አዳኝ አንዱ ወደ ላይ፤ ሌላው ወደ ታች ስለሚስብበት፤ ጠመንጃውን በሚያድንበት ስፍራና ሰዓት እንደ ገና መፈተን ይገባዋል። ጥይቱንም ፀሐይ ላይ አያስጣው፤ የጋለ ባሩድ ግፊቱ ከልክ አልፎ አደጋ ያመጣልና።

ዛሬ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው። ፈቃድ ያለውም ቢኾን ርቀቱን ከተጠራጠረ ይቅረብ፤ መቅረብ ካልቻለ ይተው። ፈቃድ ለመግደል ይሰጣል እንጂ አቍስሎ ለመተው አይሰጥምና።

ይህን ስናገር ሽማግሌው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ከዚያም ወደ ልጄ ዞረው፤ «እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ አንተ ግን ሰምተሃል» አሉት።