የልጅ ልጆችን ይዞ ወደ ሳነቴ

ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚያወጣው መንገድ የመኪናን ጭነት ይፈትናል። አስታው አልቆ ጅብራው ሲጀምር ሞተሩ ያቃስታል፤ አየሩ ስስ ነው። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ይደርሳል።

ባለፈው ጥር በልጄ ፒካፕ ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር ሄድን። ከቤት ሳንነሳ ልጄ የውሃ ጀሪካኖቹን ፖርቶ መጋላ ላይ ሊደረድር ሲል «አውርድ» አልኩት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ አምስቱ አንድ ኩንታል። ኩንታል አናቱ ላይ የተሸከመ መኪና ኩርባ ላይ ይንገዳገዳል። ከኋላ ጎማ አልፎ ሲጫን ደግሞ የፊቱ ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ ውሃው ታች፣ ጋቢናውን ተጠግቶ፣ በገመድ ታሰረ፤ ላይ ድንኳንና ፍራሽ ብቻ። ተሳፋሪውም ከጭነት ይቆጠራል፣ አያትም ብትሆን!

የተከራከርነው በከሰሉ ነው። «ልጆቹ ይበርዳቸዋል» አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ነገር ግን ድንኳን ውስጥ የገባ የከሰል ፍም ሽታ የሌለው መርዝ ይለቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ከሰሉ ቀርቶ በቦታው አራት ብርድ ልብስ ገባ።

የመድኃኒት ሣጥኑን፣ ባትሪውንና የመጠጥ ውሃውን እግሬ ሥር አደረግሁ። ጭነት ሥር የተቀበረ መድኃኒት ቤት ከቀረ አይለይም።

ቱሉ ዲምቱ ላይ ትልቋ ልጅ ራሷን አመማት፤ አስመለሳት። ከፍታ ለሚያመጣው ሕመም ዋናው ሕክምና መውረድ ነው። ቀይ ቀበሮውን ሳናይ ተመለስን። ጎባ ስንደርስ ጭኮ አምጡ አለች።