ከደጃፍ የተመለሰችው ካርቲኒ

የጃቫዋ ካርቲኒ በ25 ዓመቷ መቀጨቷ ያሳዝነኛል፤ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ለዓመታት የለመነችው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላት ሳለ፣ እግሯን ልታነሣ ስትል፣ በሚወዳት ሰው ምክር ተመለሰች። ጠላት ቢመልሳት ኖሮ እንዲህ ባልተብከነከንኩ።

ካርቲኒ በ1879 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ጀፓራ አጠገብ ተወለደች። የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ያኔ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቷ ሶስሮኒንግራት በቅኝ ገዢው መንግሥት የተሾመ የጀፓራ ገዥ ነው። እናቷ ንጋሲራ ግን የመኳንንት ዘር ስላልነበራት የእመቤትነቱ ማዕረግ ለሌላዪቱ ሚስት ተሰጠ። ንጋሲራ ከማሕፀኗ የወጡትን ልጆች እንደ ጌቶቿ በማዕረግ ትጠራ ነበር። ካርቲኒ በአንድ ሰው ላይ ብዙ ሚስት መደረቡን አጥብቃ የጠላችው ይህን እያየች አድጋ ነው።

እስከ 12 ዓመቷ የሆላንዶች ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያ በኋላ በአገሩ መኳንንት ወግ፣ ባል እስኪመጣላት ድረስ ግቢ ውስጥ ተዘጋባት። ወንድሟ ሶስሮካርቶኖ ባሕር ተሻግሮ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለእሷ የቀራት የተማረችው ሆላንድኛና ብዕሯ ነበር። በ1899 በአንድ የሆላንድ መጽሔት ላይ የብዕር ጓደኛ እንደምትፈልግ አስነገረች፤ ስቴላ ዜሃንደላር የምትባል የአምስተርዳም ወጣት መለሰችላት። የልቧን ሁሉ የዘረገፈችው ለስቴላና የቅኝ ግዛቱ የትምህርት ዳይሬክተር ሚስት ለነበረችው ለሮዛ አበንዳኖን ነው። አስተማሪ መሆን፣ ለጃቫ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት መክፈት፣ ለዚያም ሆላንድ ሄዶ መማር፤ ደብዳቤዎቿ በዚህ ምኞት የተሞሉ ናቸው።

በ1902 ምኞቱ እጅ የሚነካው ነገር ሆነ። ቫን ኮል የተባለው የሆላንድ ፓርላማ አባል ጀፓራ ድረስ መጥቶ አነጋገራት። አገሩ ሲመለስ ጉዳዩን ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ የቅኝ ግዛት ሚኒስትሩም ካርቲኒና እህቷ ሩክሚኒ ሆላንድ ሄደው እንዲማሩ ለመርዳት ቃል ገባ። አባቷም እየከበደው ፈቀደ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ጓዝ መሸከፍ!

ጃንዋሪ 25 ቀን 1903 የሮዛ ባል፣ ዳይሬክተሩ አበንዳኖን፣ ጀፓራ መጣና ካርቲኒን ባሕር ዳር ይዟት ወጣ። ዳርቻው ባንደንጋን ይባላል። እህትማማቾቹ ግን በሆላንድ ባለው ዝነኛ የባሕር ዳርቻ ስም ‹ትንሹ ስኬቨኒንገን› ብለው ሰይመውት ነበር። በዓይናቸው ያላዩትን አገር ስሙን እንኳ ደጃቸው አምጥተው ሲናፍቁት ኖረዋል። እዚያው አሸዋ ላይ ነው ‹አትሂጂ› የተባለችው። ሆላንድ ብዙ ዓመት ከቆየሽ ወገኖችሽ ይረሱሻል፣ እንደ ፈረንጅ ያዩሻል፣ ሴት ልጆቻቸውንም አምነው አይሰጡሽም፤ ይልቅ እዚሁ ጃቫ፣ ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) ተማሪ። እሷም እሺ አለች።

አበንዳኖን ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ለእሷ አስቦ ነው የመከረው። የጃቫ ወላጅ ልጁን ለመስጠት ያመነታ ይሆናል ማለቱም ከንቱ ስጋት አልነበረም። ግን ይኸው ስጋት ለሶስሮካርቶኖ ለምን አልተነገረም? ወገንህ ይረሳሃል ብሎ ከመርከብ ያስወረደው የለም። ደግሞስ በእጇ የነበረውን ያስጣላት ምን አዘጋጅቶላት ኖሯል? ባታቪያ ለመማር ገና ማመልከቻ መጻፍ፣ ገና ደጅ መጥናት ነበረባት።

ካርቲኒ በመጠበቅ ላይ ሳለች እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ከእህቷ ጋር ቤታቸው ውስጥ ጥቂት ሴት ልጆች ሰብስባ ማስተማር ጀመረች። በዚያው ሰሞን የሬምባንግ ገዥ ሽማግሌ ላከ። ልጆች ያሉት፣ ከሌሎች ሴቶችም ጋር በትዳር የሚኖር ሰው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቃወመው የኖረችው ነገር መጥቶ ደጇ ቆመ! አባቷ ታማሚ ነበር፤ እምቢ ብላ ልታሳርረው አልጨከነችም። ትምህርት ቤቷን እንድትቀጥል፣ በሠርጉም የሙሽራውን እግር እንዳትስም ቃል አስገብታ ተቀበለች። እግር አለመሳም! ከሆላንድ ሕልም የተረፋት ድል ይህን ታህል ነበረች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የባታቪያው ፈቃድ የደረሰው ቃሏን ከሰጠች በኋላ ነው። መንግሥት ለሁለቱ እህትማማቾች ትምህርት 4,800 ጊልደር ፈቀደ። ካርቲኒ ጁላይ 24 ቀን ለእነ አበንዳኖን ጽፋ፣ ገንዘቡ በዓይኗ አይታው ለማታውቀው አጉስ ሳሊም ለተባለ ጎበዝ የሱማትራ ተማሪ እንዲሰጥ ለመነች። እሱም አልተማረበትም። ያ ወጣት ኋላ የነፃዪቱ ኢንዶኔዥያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። እንዲህ ሰው መለየት የምታውቅ ሴት በሕይወት ብትቆይ ስንቱን ባፈራች!

በኖቬምበር ተዳረች። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1904 ወንድ ልጅ ወለደች፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። ልትማር ካሰበቻቸው ነገሮች መካከል የጤና አጠባበቅና የበሽተኛ አያያዝ እንደነበሩ ሳስብ አንጀቴ ይቃጠላል።

በ1911 አበንዳኖን ደብዳቤዎቿን አሰባስቦ በሆላንድ አሳተመ። መጽሐፉ ተነበበ፣ ተወደደ፣ ገንዘብ አስገኘ። ደጋፊዎች በስሟ ማኅበር አቋቋሙ፤ በሰማራንግና በሌሎች የጃቫ ከተሞች የካርቲኒ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። በ1964 ፕሬዚዳንት ሱካርኖ የአገር ጀግና ብለው ሰየሟት፤ ኤፕሪል 21፣ የልደቷ ቀን፣ በመላ ኢንዶኔዥያ ይከበራል። ደስ ይበለኝ እላለሁ፣ እሺ አይለኝም። አስተማሪው፣ ገንዘቡ፣ ደጋፊው ሁሉ የመጣው ለፎቶግራፏ ነው። በዚያች ጃንዋሪ ‹ሂጂ፣ የወገንሽን ነገር ስትመለሺ እንነጋገርበታለን› የሚላት አንድ ሰው ብታገኝ ኖሮ፣ የሬምባንግ ሽማግሌ ሲላክ እሷ ሆላንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ በተማረች ነበር።