ውኃ የማይጠይቀው ቮልስ

የጎጃሟ ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ እንጂ በመኪና ታውቃ አታውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» አገር ሁሉ እንዲያውቃት ቢያደርጉም፣ በታሪኩ ዘመን የጎጃም መኳንንት ክብር በበቅሎ ነበር። ቢሆንም የአሮጌ መኪና ፍቅር ከአባት ወደ ልጅ እንዴት እንደሚሻገር ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዲማ ቢነሣ መንገድ አልሳተም።

መኪና ኢትዮጵያን የረገጠው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ «ሲድሊ» መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። የመኪና መንገድ ስላልነበረ መኪናው ሰውን የጫነውን ያህል ሰውም መኪናውን ሳይጎትት አልቀረም። ከ28 ዓመት በኋላ ጣሊያን በፊያት ካሚዮን ተጭኖ መጣ። ወራሪው ሲባረር የጋራዥ ሙያው እዚሁ ቀረ።

የአገሬው ሰው ልብ የገባው ግን ቮልስ ነው። ምክንያቱን ዓባይ በረሃ ይነግረናል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከድልድዩ ወዲያ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ዳገት ይጠብቃል። ሌላው መኪና ራዲያተሩ ፈልቶ ጀሪካን ሲያስፈልገው፣ ቮልስ ራዲያተር የሚባል ነገር የለውም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሩ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ቀርፋፋ ነው፣ ይጮኻል፤ ውኃ ግን አይጠይቅም። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ስለሚሠራው ሥራ ባለቤቶቹ ብዙ አያወሩም።

ታሪክም ጫነበት። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና መግዛት ለደመወዝተኛ ሕልም ሆነ፤ ያለው ያለውን መጠገን ያዘ። በሌላው ዓለም አሮጌ መኪና የሚያቆየው ክበብና ትርፍ ገንዘብ ነው። እዚህ ያቆየው ገንዘብ ማጣት ነው ቢባል ቅር የሚለው ካለ፣ የቀረጡን ደረሰኝ ይመልከት።

አሁን ወደ ዲማ እንመለስ። የቅኔ ተማሪ መጽሐፍ ገልጦ አይደለም ባለቅኔ የሚሆነው። የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ይዘልቃል፣ ሲመረቅ ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል። የቮልስ መካኒክም የሚወጣው እንዲሁ ነው። ልጁ መጀመሪያ ዕቃ በቤንዚን ያጥባል፤ ቀጥሎ «13 ቁልፍ አቀብለኝ» ሲባል ሳያመነታ ማንሣት ይለምዳል። አራት ቡሎን ፈትቶ ሞተር ማውረድ ሲችል ጉባኤ ቃናውን ተቀኘ ማለት ነው። የቫልቩን ክፍተት፣ ያችን 0.15 ሚሊ ሜትር፣ በድምፅ ብቻ የሚለይ ካለ እሱ መወድስ ደርሷል።

በ2017 ዓ.ም. ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ የተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን መኪኖች አሰልፎ ያሳያል። ደስ ይላል፤ ልጅም ፎቶ ይነሣበታል። ፎቶ ግን ካርቡሬተር አያስተካክልም። ለዚህ ጸሐፊ ተወልውሎ ከቆመው ሊሙዚን ይልቅ፣ መርካቶ ዳገት ላይ እየተንቀጠቀጠ የሚወጣው ቮልስ ብዙ ያስተምራል።

ጊዜው ግን እየጠበበ ነው። የመጨረሻው ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ሲወጣ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር፤ መለዋወጫው ከዚያ ወዲህ ከሞተው ቮልስ ወደሚኖረው መዛወር አብዝቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር መኪና አይግባ ብሏል። ለከተማው አየር መልካም ሊሆን ይችላል። የነገው መካኒክ ግን ካርቡሬተር ሳያይ ሊመረቅ ነው።

እንግዲህ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ የአባቱ ቮልስ ያለው አንባቢ፣ ቁራሌው በር ሲያንኳኳ በኪሎ ብረት ዋጋ አይስጠው። ካልነዳው አውቶ መካኒክ ለሚያስተምር ኮሌጅ ይስጥ፤ ከመኪናው ጋር ግን የሚያውቀውን መካኒክም ይዞ ይሂድ።