የሚዛን ሰምና ወርቅ

በሐዋሳ ከተማ በፒያሳ ሰፈር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የልብ ድካም ሕመምተኛ ነው። ማለዳ ማለዳ ከሽንት በኋላ፥ ከመብል በፊት በቤቱ እየተመዘነ ቍጥሩን ለነርስ በስልክ እንዲያስታውቅ ሐኪሙ አዘዘው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በሦስት ቀን ከ62 ኪሎ ወደ 65 ወጣ። እኔም ባለማወቅ «ጋሼ፥ ጾሙ ተስማማህ» ብዬ ደስ አለኝ። ነርስዋ ግን ቍጥሩን እንደ ሰማች በዚያው ዕለት አስጠራችው። የጨመረው ሥጋ አልነበረም፤ ልቡ ደሙን መግፋት ሲሳነው፥ የሽሮው ጨውም ሲያግዝ፥ በሰውነቱ የተጠራቀመ ውሃ ኖሯል። እግሩ ሳያብጥ፥ ትንፋሹም ሳያጥር ሚዛኑ ቀድሞ ተናገረ። በቅኔ ቤት ያደግሁት እኔ ሰሙን አየሁ፤ ወርቁን የፈታችው እርስዋ ናት።

ነገር ግን መሣሪያ ያለ ሰሚ አይበቃም። በአሜሪካ 1,653 ሕሙማን ሁኔታቸውን በየቀኑ ለሚጠይቅ የስልክ መሣሪያ እንዲናገሩ ተደርጎ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. የወጣው ውጤት ጥቅም አላሳየም። ሐኪሞችና ነርሶች ሌትና ቀን ተግተው በጠበቁባት በጀርመን አገር ግን፥ በ2018 ዓ.ም. እንደ ተገለጠው፥ ሕሙማኑ በሆስፒታል የሚያጠፉት ቀንም ሞትም ቀነሰ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቢኖር፥ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ሲጨምር «ወፈረ» ብለህ ደስ አይበልህ፤ ፈጥነህ ለሐኪሙ ንገር።