መምህሩ መቼ ይማራል?

ስለ ትምህርት በተነገረ ቍጥር ቶሎ የሚነሡት ተማሪው፣ መጽሐፉና ፈተናው ናቸው። መምህሩ የሚነሣው ሊመሰገን ወይም ሊወቀስ ነው እንጂ፣ እርሱም በበኩሉ የሚማር ሰው መሆኑ ታስቦ አይደለም። ገበሬ ማረሻውን በየጊዜው ያስላል፤ አናጢ መጋዙን ይሞርዳል፤ መምህር ግን አንድ ጊዜ በኮሌጅ የተሳለው ዕውቀቱ እስከ ጡረታው ዕለት ሳይዶለዱም ይቈርጥለታል ተብሎ የሚታመን ይመስላል። ይህ እምነት ለማንኛውም መምህር የማይበጅ ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኖ የዩኒቨርሲቲን ትምህርት እንዲያስተምር ለሚታዘዘው መምህር ግን ፈጽሞ አይሆንም። ዛሬ ከውድ አንባብያን ጋር ልንወያይበት የመረጥነው የዚህን መምህር ጉዳይ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አድቫንስድ ፕሌስመንት የሚባል ሥርዓት አለ። ተማሪው ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳለ የኮሌጅን ያህል ትምህርት ይማራል፤ ፈተናውን በደንብ ካለፈም ብዙ ኮሌጆች እንደ ተማረው ይቈጥሩለታል። የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የራሱን ኮርሶች በሁለተኛ ደረጃ መምህራን አማካይነት ሲያስተምር ኖሯል። ነገር ግን መምህሩን መጽሐፍ ሰጥተው ብቻ አያሰናብቱትም። በክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ ይጠሩታል፤ ከሚያስተምረው ኮርስ ባለቤቶች ጋርም ያስቀምጡታል። በአድቫንስድ ፕሌስመንትም የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ መምህራን በየዓመቱ አብረው ተቀምጠው የተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ያርማሉ። ለዚህ መልስ ስንት ይገባዋል? ለምን? እየተባባሉ ሲከራከሩ፣ እርማቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል።

በአገራችን ሥርዓቱ በዚህ መልክ ባይኖርም ጉዳዩ ግን በሌላ በር ገብቶብናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ክፍል ለዩኒቨርሲቲ መሰናዶ አደረጋቸው። ፖሊሲው በ1990ዎቹ ዓመታት በሥራ ላይ ሲውል በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ብዙው ወደ መሰናዶ ክፍሎች ወረደ፤ የአራት ዓመቱ ዲግሪም በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ሦስት ዓመት ሆነ። ይህም ማለት ትናንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር በአዳራሽ ያስተምረው የነበረውን ካልኩለስ ከዚያ ወዲያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጥቍር ሰሌዳ ፊት እንዲያስተምረው ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው በ2012 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ የወረደው በደብዳቤ ነበር፤ መምህሩ ግን በደብዳቤ አይወጣም።

ነገሩ ለአራዳ ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ከፒያሳ ተነሥቶ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሚወጣ ሰው፣ በግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ያቋርጣል። በ1908 እ.ኤ.አ. ከግብፅ በመጡ መምህራን ሥራውን የጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በዚያ ሰፈር ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1944 እ.ኤ.አ. የመምህራን ማሠልጠኛ የተጀመረው በዚሁ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም የቆመው እዚያው አራት ኪሎ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ የመምህራን ማሠልጠኛውና ኮሌጁ ጎረቤቶች ሆነው ተወለዱ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጎረቤትነቱም ለስም ብቻ አልነበረም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ተማሪዎችን አምጥቶ፣ መምህራን እንዲሆኑ አስቦ፣ የ12ኛን ክፍል ትምህርት በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያስተምራቸው ነበር። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት በየአውራጃው እየወጡ ያገለግሉ ጀመር፤ ብዙዎቹም ያስተማሩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከታች ወደ ላይ፣ ከላይም ወደ ታች ይመላለስ ነበር። በእኛ ዘመን የተመላለሰው ወረቀቱ ነው።

እኛም የዚያ ዘመን ተማሪዎች ነን። 12ኛን ክፍል ጨርሰን ወደ መንግሥት ሥራ ከመግባታችን በፊት መሰናዶ የተማርነው ከ70 በላይ ሆነን በአንድ ክፍል ተቀምጠን ነው። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ፣ ፕላዝማ ብለን በምንጠራው ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ ያለው መምህር በፈጣን እንግሊዝኛ ተናግሮ፣ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልሱን ራሱ መልሶ ይሄዳል። የእኛ መምህር እጃቸውን አጣምረው ከግድግዳው አጠገብ ይቆማሉ። ቆይ አይሉት ነገር አይሰማቸውም፤ ድገም አይሉት ነገር አይደግምም። መብራት የጠፋ ቀን ግን ጠመኔያቸውን አንሥተው ሰሌዳው ፊት ይቀርቡና፣ «እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ» ይሉን ነበር። ብዙዎቻችን ጥቂት ካልኩለስ ያወቅነው መብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው። እኒያ ሰው ዕውቀት ወይም ትጋት የጎደላቸው አልነበሩም። የጎደላቸው «ይህን አዲስ ትምህርት እንዴት እናስተምረው?» ብለው አብረው የሚመክሩት ባልደረባ ነበር።

በኋላ በተቀጠርንበት ሥራ ስብሰባና ዐውደ ጥናት ከሚያሰናዱት ሰዎች አንዱ ሆንን። አዳራሽ መከራየት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ማደል፣ ሻይ ማዘዝ፣ አበል ማስፈረም የእኛ ድርሻ ነው። በዚህም ሥራ የመምህራንን ሥልጠና ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን አይተናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ ሰዓቱ በምን እንደሚሞላ ነው። አንድ እንግዳ ቆሞ በግድግዳ ላይ የበራውን ጽሑፍ ያነብባል፤ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የአማርኛውም መምህር እኩል ያንኑ ይሰማሉ፤ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» የሚለው ንግግር ማንንም ሳያሳትፍ ያልቃል። ማታ የምስክር ወረቀት ይታደላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደ ተባለው፣ መምህሩ በማግሥቱ ክፍሉ ሲገባ የሚጠብቀው ያው የትናንቱ ጥያቄ ነው።

ይሁን እንጂ ከእንዲህ ባለው ቀን በአንዱ፣ ፒያሳ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ በሻይ ዕረፍት ያየነውን መናገር ይገባናል። አንዲት ወጣት የሒሳብ መምህርት ሸምገል ወዳሉ የሙያ ባልደረባዋ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሊሚት የሚሉትን እርስዎ እንዴት ያስረዱታል? እኔ ቀመሩን እሰጣቸዋለሁ፤ እነሱም ይሸመድዱታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የለም» አለቻቸው።

ሰውየው ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ እኔ በታክሲ ነው የማስተምረው» አሉ። «ታክሲው ከደጎል አደባባይ ተነሥቶ ራስ መኮንን ድልድይ ለመድረስ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት እንበል። መንገዱን ለጊዜው ብታካፍዪው አማካይ ፍጥነቱን ታገኛለሽ። ድልድዩ አፍ ላይ ትራፊክ ቢያስቆመው ግን የሚጠይቀው አማካዩን ነው ወይስ በዚያች ቅጽበት የነበረውን?»

«የዚያችን ቅጽበት።»

«በአንዲት ቅጽበት ታክሲው ስንት ሜትር ሄደ?»

«ዜሮ። ጊዜውም ዜሮ ነው» ብላ ሣቀች።

«እንግዲህ ዜሮን ለዜሮ ማካፈል አይቻልም። ስለዚህ የመጨረሻውን 10 ሰከንድ እንወስዳለን፤ ከዚያ የመጨረሻውን 1 ሰከንድ፤ ከዚያ የሰከንዱን አንድ ዐሥረኛ። የምናገኛቸው ፍጥነቶች ወደ አንድ ቍጥር እየተጠጉ ይሄዳሉ። ያ ቍጥር ነው።»

ይህን ሲሉ ሥዕሉን ይሥሉ የነበረው በአበል መክፈያ ቅጻችን ጀርባ ላይ ነበር። መምህርቷ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ «ጋሼ፣ የኔ ተማሪዎች ‹መጠጋቱን ይጠጋል፤ ግን ይደርሳል ወይስ አይደርስም?› ይሉኛል» አለች። ሰውየው ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ በአጠገባቸው ቆሞ ያዳምጥ የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጣልቃ ገብቶ፣ «ጥያቄው መድረሱ አይደለም። የቱንም ያህል ጠባብ ልዩነት ብትጠይቁኝ፣ ጊዜውን በበቂ አሳጥሬ ከዚያ ልዩነት በታች ልቀርብላችሁ እችላለሁ ወይ ነው» አላቸው። ቀጥሎም፣ «እኔ ዘንድ የሚመጡት ተማሪዎች ቀመሩን ያውቃሉ፤ ይህን ጥያቄ ግን የሚጠይቀኝ የለም። ከየት ላይ እንደሚቀር ዛሬ ገባኝ» አለ። ሦስቱም ሻያቸው ቀዘቀዘ። ደወል ሲደወል ወደ አዳራሹ የገቡት ሳይወዱ ነው። እኛም ከሒሳብ ሹሙ ሌላ ቅጽ ለመጠየቅ ተገደድን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐውደ ጥናት ማለት ምን እንደ ሆነ ለራሳችን ለመተርጐም ሞክረናል። በዚያች ሩብ ሰዓት መምህራኑ ስለ ማስተማር አልሰሙም፤ ተማሪ ሆነው ጥያቄውን ራሳቸው ታገሉት። የተነሣውም ሁሉን ለማዳረስ የተሰናዳ ርእስ ሳይሆን ከገዛ ክፍላቸው የመጣ ችግር ነበር። ከላይ ያለው ከታች ካለው ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱም ያላወቁትን ዐወቁ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። መምህርቷ ያንን የታክሲ ምሳሌ በክፍሏ ሞክራ፣ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳልሠራ ተመልሳ የምትናገርበት ሌላ ቀን አልተቀጠረላትም።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትታወቅ የኖረች ሰፈር ስለ ሆነች ምሳሌ ከእርሷ እንውሰድ። በቀለበት ውስጥ 18 ካራት የሚል ማኅተም ቢመታ፣ ማኅተሙ የሚታመነው አንዱ አንጥረኛ 18 ያለውን ሌላውም ፈትኖ 18 ሲለው ነው። አንድ ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ አለው ስንልም ያው ነው። የዳሞቱ መምህርና የአዲስ አበባው መምህር አንድን የመልስ ወረቀት አይተው ተቀራራቢ ፍርድ ካልሰጡ፣ ማኅተሙ ብቻውን ወርቅ አይሆንም። የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ያውቁት ነበር። ድጓን በየትም ደብር የተማረ ሰው መምህር ከመባሉ በፊት ጋይንት ወደሚገኘው ቤተ ልሔም ሄዶ በዚያ ባሉት መምህራን ፊት ያስመሰክር ነበር። የቤተ ልሔም ዜማ ከየአገሩ በመጡት ተማሪዎች ዘንድ አንድ ሆኖ የኖረው በዚህ ዓይነት ነው።

የማስመስከር ነገር ሲነሣ የቅርቡን ፈተና ማስታወስ ግድ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ከ890 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም፣ ወረርሽኝም፣ የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ሸክሙን ሁሉ በመምህሩ ጫንቃ ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2016 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በየዩኒቨርሲቲው ሰብስቦ ማሠልጠኑ ያ አሮጌ ጎረቤትነት እንዲመለስ መንገድ የሚከፍት ነውና የሚያስደስት ነው። መንገዱ የሚጠቅመው ግን መምህሩ ወደ ላይ የወጣበትን ያህል ጥያቄውም አብሮት ሲወጣ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ከእናንተ መካከል መምህር የሆናችሁ፣ ለሥልጠና ስትጠሩ ተማሪ የጠየቃችሁንና መልሱ ያላረካችሁን አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ተማሪዎች ሆይ፣ «ይደርሳል ወይስ አይደርስም?» ማለትን አትተዉ፤ መምህራችሁን ወደ ትምህርት የሚመልሰው ይኸው ነው። በኃላፊነት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ የሚቀጥለውን ክረምት ዕቅድ ስታወጡ፣ ከአዳራሹ ኪራይና ከአበሉ ዝርዝር በፊት ሦስት ነገር እንድትጽፉ እንለምናለን፤ በየትኛው የትምህርት ዓይነት እነማን አብረው እንደሚቀመጡ፣ የትኛውን የተማሪ ወረቀት አብረው እንደሚያርሙ፣ ከክፍል መልስም በስንተኛው ወር ደግመው እንደሚገናኙ። የሻዩንም ዕረፍት እባካችሁ ጥቂት አስረዝሙት።