የበረዶ ምሽት ዋጋ

በረዶ በጣለ ምሽት ኒውዮርክ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያደርስ ሰው ከጎዳናው ይልቅ የኩዊንስቦሮን ድልድይ ይፈራል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው መሬት ላይ ካረፈው አስፋልት ቀድሞ ይቀዘቅዛል። አስፋልት መስሎ የተኛው ስስ በረዶ ለዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው የፊት ጎማ ሲከዳ ነው። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ኮርቻውን ዝቅ፣ የጎማውን አየር ቀነስ ያደርጋል፤ የፊት ፍሬኑን ሳይነካ፣ ለሞተሩ ድንገተኛ ኃይል ሳይሰጥ፣ እግሩን ለመሬት አዘጋጅቶ ያልፋል።

ብርዱ ባትሪውንም ያደክመዋል። ሊቲየም ባትሪ በቅዝቃዜ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንደቀዘቀዘ ቻርጅ ቢደረግ ደግሞ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ ባለቤቱ አቅፎ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ እስኪሞቅም ይጠብቃል። የጥበቃው ሰዓት ገቢ የለውም።

ነገሩን የሚያከብደው ፍላጎትና አደጋ በአንድ ምሽት መገናኘታቸው ነው። በረዶ ሲጥል ደንበኛው መውጣት ይጠላል፤ ስለዚህም ያዝዛል። የመውጣት አደጋው ግን አልጠፋም፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ከባድ የበረዶ ማዕበል ሲጠበቅ፣ ከንቲባ ቢል ደብላዚዮ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ከአስቸኳይ አገልግሎት ሰጪዎች በቀር ተሽከርካሪ እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ፤ ክልከላው የምግብ አድራሾችን ብስክሌት እንደሚጨምርም በግልጽ ተናገሩ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ አካልን ይጠብቃል፤ የቀረውን የዕለት ገቢ ግን አይተካም።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለመተግበሪያ አድራሾች በሰዓት 17.96 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ ማስከበር ጀመረች፤ መጠኑም ከዚያ ወዲህ አድጓል። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ወለሉ ለሐምሌ ፀሐይም ለጥር በረዶም አንድ ነው። አድራሹ የግል ተቋራጭ ተብሎ ስለሚቆጠርም፣ ቢወድቅ ለተቀጣሪ የሚደርሰው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በአብዛኛው አይደርሰውም።

እገዳ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ችላ ማለትም እንዲሁ። በበረዶ ቀን ክፍያው ላይ በደንብ የተወሰነ ጭማሪ ቢኖር፣ ትእዛዝ አልቀበልም ያለውም በመተግበሪያው ባይቀጣ፣ አደጋው ቢያንስ ዋጋ ያገኛል። ያን ጊዜ በመስኮት በረዶውን እያየ ስልኩን የሚያነሳ ደንበኛ፣ ምግቡ እስከ ነገ ይቆይለት እንደሆነ በእውነተኛው ሒሳብ ይወስናል። እስከዚያው ግን ልዩነቱን የሚከፍለው፣ ድልድዩ ላይ እግሩን ዘርግቶ የሚያዘግመው ሰው ነው።