የወንዙና የባሕሩ አዙሪት

የቡና ችግኝ በሚተከልበት በሰኔ ወር ታናሽ ወንድሜን የጋቸብ ሙላት ወሰደው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቴ ጩኸቷን ሳትጨርስ፣ ከቋጥኙ ጀርባ ወደ ኋላ የሚዞረው ውኃ ጎትቶ ከዳር ቁጥቋጦው ላይ ጣለው። ከዚያ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ የሚረግመውን አዙሪት እናቴ በክፉ አታነሣውም።

ያ ልጅ ዛሬ ኬፕ ታውን ነው፤ ከሄደ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። እኔም በሚዛን ተፈሪ ማታ ማታ ካርታ ዘርግቼ ከእርሱ በስተደቡብ ስላለው ባሕር አነባለሁ። በዚያ አንታርክቲካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚዞር፣ የብስ የማያግደው ታላቅ የባሕር ጅረት አለ፤ በሴኮንድ ከ130 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይነዳል። በቀድሞ ካርታዎች ላይ የባሕር ጅረቶች ሁሉ ጸጥ ያሉ ቀስቶች ነበሩ፤ የተሳሉት ከብዙ ዘመን ልኬት አማካይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 ግን እንግሊዛዊው ጆን ስዋሎው በአትላንቲክ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ተንሳፋፊ መሣሪያዎቹን ቢለቅ፣ በዝግታ ይጓዛሉ የተባሉት ከተገመተው እጅግ ፈጥነው ወዲያና ወዲህ ሲሉ አገኛቸው። ከአማካዩ ሥር የተደበቁት አዙሪቶች ነበሩ፤ የአንዳንዱ ስፋት መቶ ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

የባንክ ጸሐፊ ነኝና አማካይ የሚውጠውን አውቃለሁ። ገበሬው በታኅሣሥ ቡናውን ሸጦ ያስገባል፤ በሐምሌ ደብተሩ ባዶ ነው። የእኛ ወረቀት ግን ዓመቱን ሙሉ ደኅና የኖረ ሰው ያሳያል። (ለዚያ ሐምሌ ግጥም ጽፌለታለሁ፤ አልሠመረም።)

የደቡቡ ጅረት ዙሪያውን ብቻ ስለሚሄድ፣ ሙቀትን አቋርጠው ወደ በረዶው የሚያሻግሩት በአብዛኛው አዙሪቶቹ ናቸው። ነፋሱ ሲበረታም ጅረቱ በዚያው ልክ አይፈጥንም፤ የተረፈውን ጉልበት እነርሱ ይቀበሉታል። ይህን ያነበብኩ ሌሊት ብዙ ተገላበጥኩ። የእናቴ አዙሪት ልጅ መለሰ፤ የእነዚህ ጭነት ግን ከፊሉ የበረዶውን ሥር ያቀልጣል። ለእርሷ አልነገርኳትም።

እሑድ ሲደውል ለወንድሜ አወራሁለት። ሳቀ፤ ሱቁን ከከፈተ ወዲህ ባሕሩን ያየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝ።

«እዚያስ አዙሪት አለ?»

«ጋሼ አለ ይላል፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አለች።